ያልተነካው ትከሻ

ሰውየው ዶክተር አልነበረም። ጤና መኮንን ነበር፤ ነገር ግን በትልቁ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ግቢ ውስጥ ነጭ ጋዋን የሚለብስ እሱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም አንድ ቀን «ኧረ ተሳስታችኋል» ብሎ አያውቅም። ከኋላው ደግሞ ሌላ ስም ነበረው። አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት ሠራተኞች «አንሺ አውርጂ» ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን ስሙን ሳይሰማ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ።

ድርጅቱ የሆቴሎችንና የሆስፒታሎችን አንሶላ ነው የሚያጥበው። ማሽኑ ያጥባል፣ ማሽኑ ይጨምቃል፤ ከማሽኑ የወጣውን እርጥብ አንሶላ ከራስ በላይ ባለው የብረት ዘንግ ላይ የሚሰቅለው ግን የሰው ክንድ ነው። አንዲት ሠራተኛ በቀን አራት መቶ ጊዜ ክንዷን ሽቅብ ትሰዳለች። ትከሻ ደግሞ ያው ትከሻ ነው እንጂ ብረት አይደለም። የክንዱን አጥንት ራስ ከላይ፣ ከፊትና ከኋላ አቅፈው የያዙት ጅማቶች መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ ከዚያ ይሳሳሉ፤ አንድ ቀን ይበጠሳሉ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ወደ ክሊኒክ ትላካለች።

ክሊኒኩ አንድ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ቀለበቱ ግማሹ የረገፈ መጋረጃ፤ ደጁ ላይ ደግሞ ተራ የሚጠበቅበት ረጅም አግዳሚ ወንበር። ራጅ የለም፤ የውስጡን ጅማት የሚያሳየው ትልቁ መሣሪያማ በህልምም አይታሰብ። ሰውየው ያለው ሁለት እጁ ብቻ ነው። መቼም ለማይወዱት ሰው ቢሆን የሚገባውን መንፈግ ነውር ነውና ልናገር፤ እጆቹ ያውቁ ነበር። «ክንድሽን ወደ ጎን ዘርጊ፣ አውራ ጣትሽን ወደ መሬት» ይልና ቁልቁል ይጫናል፤ የላይኛው ጅማት ከተጎዳ ክንዱ ይከዳል። «ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂና እጄን ወደ ውጭ ግፊው» ይላል፤ ያ የኋለኛው ጅማት ነው። «እጅሽን በጀርባሽ አዙረሽ ከወገብሽ አላቂው» ይላል፤ ያ የፊተኛው ነው። በመጨረሻ ክንዷን ራሱ እስከ ላይ ያነሳላትና «በይ አሁን ቀስ ብለሽ አውርጂ» ይላታል። ጅማቱ የተበጠሰ ክንድ ግማሽ መንገድ ድረስ በወጉ ይወርድና ከዚያ ዱብ ይላል። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ ጊዜ የድርጅቱን ሾፌር መረመረ። ሾፌሩን ሦስት ቦታ «ብርድ ነው፣ ቅባት ተቀባ» ብለው መልሰውታል። እሱ ግን ክንዱን አንስቶ አወረደና «የላይኛው ጅማት ከነሥሩ ተበጥሷል» ብሎ ጽፎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከው። የአጥንት ሐኪሙ በምስልም አይቶ፣ በቢላም ከፍቶ ያገኘው ልክ የተጻፈውን ነበር። «ይህን የጻፈውን ሰው ሰላም በሉልኝ» ብሎ ላከ። ከዚያ ወዲህማ ማን ይቻለው! «አፍ ይዋሻል፣ ትከሻ አይዋሽም» ማለት ጀመረ። ከዚያም አልፎ የሚዋሹ አፎችን ማደን ጀመረ።

አደኑ እንዲህ ነው። ትከሻዋ ተጎድቷል ብሎ ያመነላት ሴት ለጥቂት ሳምንት ተቀምጣ ወደምትሠራበት ማጠፊያ ክፍል የሚያዛውራትን የቀላል ሥራ ወረቀት ይጽፍላታል፤ ማህተም ይመታበታል። ከዚያ ከመቀመጫው ይነሳል። ረጅም ሰው ነው። ወረቀቱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዝና «እንኪ፣ ውሰጂ» ይላል። ሴትዮዋ በደስታ ራሷን ረስታ በታመመው እጅ ሽቅብ ከተንጠራራች አለቀላት። «ቅድም አልነሳ ያለው እጅ አሁን በምን ተነሳ?» ይልና ወረቀቱን እፊቷ ለአራት ይቀደዋል። በሩን ሆን ብሎ ክፍት ይተወዋል፤ አግዳሚው ላይ ያሉት እንዲያዩ። እነሱም ነገ ተራው የነሱ መሆኑን እያወቁ ይስቃሉ። ሥራ አስኪያጇ ይህን ዘዴ ሰምታ «ጎሽ፣ ለጋሚ ቀነሰልን» ብላለች።

ሌላም ልማድ ነበረው፤ ይኼኛውን ግን ማንም አያውቅበትም። ያስተማረው ሽማግሌ ሐኪም «ሁልጊዜ ከጤነኛው ትከሻ ጀምር፤ የሰውየውን አቅም የምታውቀው በዚያ ነው» ይል ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት እንደተባለው አደረገ። ሰልፉ ሲረዝም ግን ተወው። «ለጤናው ብሎ የተሰለፈ ማን አለ?» ይል ነበር ለራሱ። ስለዚህ የሚነካው አመመኝ የተባለውን ትከሻ ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ ግን ያው የድሮውን ቃል በየመስመሩ ይጽፋል፦ «ግራና ቀኝ ተመርምሯል»።

ታላቅ እህቱ እዚያው ድርጅት ውስጥ አንሶላ ትሰቅላለች። ዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን እየነቀለ ነበር፤ ለደብተሩም ለጫማውም የተሰቀለው አንሶላ የሷ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። ለክሊኒኩ ሰው እንደሚፈለግ ሰምታ የነገረችውም እሷ ናት። እሱ በገባ በሳምንቱ ወሬው ተነሳ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! እሷማ ምን ቸገራት፤ ነገ ማጠፊያ ክፍል ያስቀምጣታል» አሉ። ወሬው ጆሮው ደረሰና እንደ እሾህ ተተክሎ ቀረ። እሷ ደግሞ ይህን ስለምታውቅ የክሊኒኩን ደጃፍ ሳትረግጥ ዓመታት አለፉ።

አንድ ጠዋት ወለሉ ላይ በፈሰሰ የሳሙና ውሃ አዳለጣት። ስትወድቅ በግራ እጇ ዘንጉን ያዘችና መላ አካሏ በአንድ ክንድ ተንጠለጠለ። ትከሻዋ ውስጥ ጧ ሲል ሰማችው። ሦስት ሳምንት ሌሊቱን ስታቃስት አደረች፤ ከዚያ ሕመሙ ጥሏት ጠፋ። ተመስገን አለች። እጁ ከደረቷ በላይ አልሄድ ማለቱን ድካም ነው ብላ ተወችው። የተበጠሰ ጅማት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሕመሙ ይሄዳል፣ ጉልበቱም አብሮት ይሄዳል። አንሶላውን ሁሉ በቀኟ መስቀል ጀመረች። የሁለት እጅ ሥራ በአንድ እጅ ሲሠራ ቀኙም ተቆጣ። በሁለተኛው ወር የክፍሉ አለቃ አየቻትና «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ወንድምሽ እዚያ ቁጭ ብሎ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ» አለቻት።

ሄደች። አግዳሚው ላይ ስድስት ሴቶች አሉ። ተራዋን ጠበቀች። ስትገባ ወንድሟ መዝገቡ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር።

«ምንሽን ነው?» አለ።

«ቀኝ ትከሻዬን ነው፣ ዶክተር። ሌሊት አያስተኛኝም።» እቤት «አንተ» የምትለውን ልጅ እዚያ «እርስዎ» ነው የምትለው፤ ለክብሩ ብላ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። መጀመሪያ እንኳ የታመመው ግራው ነበር፤ ወድቄ…»

«ግራው አሁን ያምሻል?»

«ኧረ አሁንስ ተወኝ፤ ብቻ…»

«የጠየቅሁሽን ብቻ መልሺ። የማያምሽን እዚህ አታምጪብኝ።»

 ቀኟን አስነሳት፣ አስወረዳት፣ ገፋት፣ ጀርባዋ ላይ አዞረው። አመማት እንጂ ክንዱ አልከዳትም። ተቆጥቷል፣ አልተበጠሰም፤ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው፣ እጆቹ አልተሳሳቱም። የሁለት ሳምንት ቀላል ሥራ ይገባት ነበር፤ ጻፈላት፤ ማህተሙንም መታ። ከዚያ ቀና ሲል አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው አየ። እህቱ ከሌሎቹ ተለይታ ሳትፈተን ብትወጣ ወሬው እውነት ሊሆን ነው። ተነሳ። ወረቀቱን ከራሱ በላይ ያዘ።

«እንኪ፣ ውሰጂ።»

እህቱ መጀመሪያ የላከችው ግራ እጇን ነበር። እጁ እስከ ደረቷ መጣና እዚያው ቀረ። አንድ ሰው ይህን ቢያይ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተወራ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑን የተከለው ቀኟ ላይ ነው። ጥርሷን ነክሳ፣ እንባዋ እየመጣ፣ በቀኟ ተንጠራራች። ያላት እጅ እሱ ነዋ! ጣቷ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ወረቀቱ ተቀደደ።

«ሌሊት አያስተኛም የተባለው እጅ ይኸው ነው?» አለ፣ አግዳሚው እስኪሰማ።

አንዷ ሳቀች። ሌላዋ «እዩት፣ ለእህቱ እንኳ አልራራም!» አለች፤ ድምጿ ውስጥ አድናቆት ነበረበት፤ እሱም ያችን አድናቆት ሰማ። እህቱ ጎንበስ ብላ የወረቀቱን ቁርጥራጭ ከመሬት ለቀመች፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር» አለችና ወጣች። እሱ ተቀመጠና ጻፈ፦ «ግራና ቀኝ ትከሻ ተመርምሯል። ጤነኛ። ለከባድ ሥራ ብቁ።» የዚያን ቀን ምሳው ጣፈጠው።

እሷ አልተቀየመችውም፤ ወይም አላሳየችም። እንደወትሮው እሁድ እሁድ ቤቷ ሲመጣ ታስተናግደዋለች፤ ወሬውን ሲያነሳባት «ሥራህ ነው፣ ምን ታደርግ» ትለዋለች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ በአንድ እጅ ትሰቅላለች። ሰባት ወር እንዲህ ሄደ። የምትሰቅለው ቁጥር ወረደ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። አንሶላ ከእጇ አመለጠ፤ ሁለተኛ ተጻፈላት። በመጨረሻ ለሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል የሚሄድ አንድ ሙሉ ክምር ጭቃ ውስጥ ጣለች። የስንብት ደብዳቤው «ጤነኛ መሆኗ በድርጅቱ ክሊኒክ ተረጋግጦ ሳለ ሆን ብላ በመለገሟ» ይላል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርታ በአንድ ገጽ ሸኟት።

ደብዳቤውን ይዛ እቤቱ መጣች። አንብቦ ሳይጨርስ ሹራቧን ልታወልቅ ተነሳች። ቀኝ እጇ የግራዋን እጅጌ ይዞ፣ የተኛ ሕፃን ልብስ እንደሚወልቅ ቀስ እያለ ሳበው። ግራ ክንዷ ምንም አላገዘም። ሰውየው ደብዳቤውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ግራሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ዳነ እኮ እሱ። ነግሬህ አልነበር? ድካም ብቻ ነው የቀረው።»

ወደ ኋላዋ ዞረ። ከግራ ትከሻዋ አጥንት በላይና በታች ሥጋ መኖር የነበረበት ቦታ ጎድጉዷል። የሊቃውንት ዓይን አያስፈልገውም፤ በቀኙ አጠገብ ላየው ሰው ሁሉ ይታያል። ክንዷን ወደ ጎን አነሳላትና «ቀስ ብለሽ አውርጂ» አላት። እንደለቀቀው ክንዱ ዱብ ብሎ ጭኗን መታ። ክርኗን ከጎኗ አድርጎ እጇን ወደ ውጭ አዞረላትና «እንዲሁ ያዥው፣ አታንቀሳቅሺው» አላት። ሲለቀው እጇ ተመልሶ ሆዷ ላይ አረፈ።

«ምነው ለቀቅኸው?» አለችው፣ እየሳቀች። «አንተ ካልያዝከው እኮ አይቆምም።»

ክው አለ።  የነገራት ነገር ቢኖር «ነገ ትልቁ ሆስፒታል እንሄዳለን» የምትል ብቻ ናት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

የአጥንት ሐኪሙ ያ ሰላምታ የላከው ሰው ነበር። በደስታ ተቀበለው፤ ወንበር ሳበለት። ምስሉን መብራት ላይ ሰቅሎ ሲያይ ግን ፊቱ ወደቀ። «የላይኛውም የኋለኛውም ተበጥሰዋል። ተሸብሽበው ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ሥጋውም ወደ ስብ ተለውጧል። ልስፋው ብልም መርፌዬን የሚይዝ ነገር የለም» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «በወደቁ በሁለት በሦስት ወርዎ ቢመጡልኝ ኖሮ እኮ ይህን እጅ እመልስልዎት ነበር። ያን ጊዜ ማንም አላየዎትም?» አላት።

እሷ ወንድሟን አላየችም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው ዶክተር፤ እኔው ነኝ ያዘገየሁት» አለች። ጤና መኮንኑ ጫማውን አየ። ለማረም ጊዜ ነበረው፤ ሐኪሙ ወረቀቱን እስኪጽፍ ረጅም ጊዜ ነበረው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እጁ ባይድን እንኳ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ከታመነ ስንብቱ ይሰረዛል፤ ተቀምጣ ወደምትሠራበት ማጠፊያ ክፍል ትዛወራለች፤ ጡረታዋ እስኪደርስ ከነክብሯ ትቆያለች። ካልታመነ ግን አንድ እጅ ያላትን፣ «ለጋሚ» ተብላ የተባረረችን የሃምሳ ዓመት ሴት ማን ይቀጥራል? ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። በማግስቱ ማለዳ ወደ ሥራ አስኪያጇ ሊሄድ ሲወጣ እህቱ «በርታ እንግዲህ» አለችው። መንገዱን ሁሉ «አልመረመርኩትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» እያለ ሲለማመድ ሄደ።

ሥራ አስኪያጇ ቁጣ የማታውቅ፣ ድምጿ ለስላሳ ሴት ናት። የሆስፒታሉን ወረቀት አንብባ ስትጨርስ ከመደርደሪያ ላይ የክሊኒኩን መዝገብ አወረደች፤ ገጹን ገልጣ ወደሱ አዞረችው።

«ዶክተር፣ ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?»

«አዎ።»

«ግራና ቀኝ ተመርምሯል ይላል። ግራውን መርምረዋል?»

ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። እሷም አላጣደፈችውም።

«ልርዳዎት» አለች። «አልመረመርኩም ካሉኝ እህትዎ ነገ ማጠፊያ ክፍል ትገባለች፤ ቃሌ ነው። ግን ይህንኑ ቃል አሥራ አንድ ዓመት ጽፈዋል። የመለሷቸው ሴቶች ሁሉ ‘እኛንም አልነካንም’ ብለው ይመጣሉ። እርስዎም እዚህ አይቆዩም፤ የሙያ ፈቃድዎንም የሰጡዎት ሰዎች ይጠይቁዎታል። መርምሬያለሁ ካሉኝ ደግሞ ጅማቱ የተበጠሰው ከዚያ ወዲህ፣ ከግቢ ውጭ ነው ማለት ነው። ስንብቱ ይጸናል።»

መደርደሪያው ላይ ሌሎቹ መዝገቦች ተደርድረዋል። አያቸው። «ዶክተር» የሚሉትን ሴቶች አሰበ፤ ጋዋኑን አሰበ፤ የአጥንት ሐኪሙ ወንበር ሲስብለት የነበረውን ፊት አሰበ። እህቱንም አሰበ፤ ግን ከሁሉም በኋላ።

«መርምሬያለሁ» አለ።

«አልሰማሁም፣ ይቅርታ።»

«መርምሬያለሁ። ጤነኛ ነበር።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለችና እስክሪብቶ ሰጠችው። ፈረመ። ፍረዱ አልላችሁም፤ እኔ ፈርጄበታለሁ፣ ይበቃል።

እህቱ ቤት ሲደርስ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። ፊቱን አይታ ነገሩ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት።

«እምቢ አሉ፣ አይደል?»

«እምቢ አሉ።»

ለአፍታ ቀኝ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወንበር አቀረበችለት፤ ውሃ ቀዳችለት። «ፊትህ አመድ መስሏል። ተጣላሃቸው እንዴ?»

ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ። «አዎ» አለ።

«ውይ አንተ ልጅ! ለኔ ብለህ ሥራህን ልታጣ ነው? የኔ እንደሆነ አንዴ ሆኗል። ሁለተኛ እዚያች ሴት ፊት ስለኔ አፍህን እንዳትከፍት። በናታችን አጽም ማልልኝ።»

«እትዬ…»

«ማልልኝ አልኩ!»

ማለላት። እንደዚያ ቀላል መሐላ ማንም ምሎ አያውቅም።

ጎረቤቷ የተባለውን ለመስማት ብቅ አለች። እህቱ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና፣ የተባረረችውን እሷን ትታ ስለሱ ማውራት ጀመረች፤ ድምጿ ላይ ኩራት ነበረበት። «ሥራዬንስ አልመለሱልኝም። ግን ወንድሜ ለኔ ብሎ ከሥራ አስኪያጇ ጋር ተጣልቶ መጣ! እንጀራ የምታበላኝ ናት ብሎ ሳይፈራ!»

«ተባረክ!» አለችው ጎረቤቲቱ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ። «እንዳንተ ያለ ወንድም ለሁሉም ይስጥ።»

ሁለቱም ሴቶች መልስ ጠብቀው አዩት።

«አሜን» አለ።